ሐምሌ ሳይደርስ የግብር ወረቀታችሁን ሰብስቡ

ካቻምና ሰኔ 28 ቀን አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዤ አካውንታንቴ ዘንድ ሄድኩ። ኩራት ኩራት ብሎኛል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ደረሰኝ አልጣልኩማ! ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንዱን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ "ወንድሜ፣ ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

ነጭ ወረቀት ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሙቀት አይወድም። እኔ ደግሞ ፌስታሉን ያስቀመጥኩት ያኔ ፒያሳ በነበረችው ቢሮዬ መስኮት ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብላ የምትገባበት ቦታ ነበር። የወረቀት ግዢ፣ የቀለም ግዢ፣ የስቲከር ግዢ፣ አብዛኛው ነጭ ሆኗል። የሸጡልኝ ሰዎች ጋ ስልክ መታሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ማን ያነሳል? ሁሉም የራሱን ሒሳብ እየዘጋ ነው።

ሐምሌ የመክፈያ ወር ነው። የሚጎድላችሁ ወረቀት ያለው ግን ሌላ ሰው እጅ ነው፣ ያንን ሰው ደግሞ በእርጋታ የምታገኙት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ይሄ መመሪያ የተጻፈው እንደኔ ትንሽ ሥራ ላላቸው ነው፤ ለደሞዝተኛና ቤት ለሚያከራይም የሚሆን ነገር አለበት።

እናንተ የቱ ጋ ናችሁ?

ደሞዝተኛ ብቻ ከሆናችሁ ብዙ አትጨነቁ። ግብሩን አሠሪያችሁ በየወሩ ቆርጦ ያስገባል፣ ሐምሌ ላይ ሰልፍ የለባችሁም። አንድ ነገር ግን አድርጉ፤ የደሞዝ ወረቀታችሁን አውጡና ራሳችሁ አስሉት። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው ስሌት እስከ 2,000 ብር የወር ደሞዝን ነፃ ያደርጋል፣ ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በአቋራጭ ለማስላት ለመጨረሻው እርከን ደሞዙን በ35 በመቶ አባዙና 2,050 ብር ቀንሱ። ደሞዛችሁ 18,000 ከሆነ 6,300 ሲቀነስ 2,050፣ ግብሩ 4,250 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ 1,260 ብር ይሆናል። እጃችሁ የሚገባው 12,490 ብር። ወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ካያችሁ ፋይናንስ ክፍል ሄዳችሁ በትህትና ጠይቁ። አንዳንዴ የተቆረጠ ብድር ወይም የማኅበር መዋጮ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ የእውነት ስህተት ነው።

ነጋዴ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት ደረጃችሁን እወቁ። ድሮ "ሀ"፣ "ለ"፣ "ሐ" ተብሎ ሦስት ነበር። በዚሁ ማሻሻያ ሁለት ሆኗል። ዓመታዊ ሽያጫቸው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እንዲሁም ድርጅቶች "ሀ" ናቸው። ከዚያ በታች ያለው ግለሰብ "ለ" ነው። "ሀ" የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ትርፉ ይሰላል። የ"ለ" ግብር በዋነኛነት የሚሰላው በሽያጩ መጠን ነው። ስለዚህ "ለ" ከሆናችሁ ዋናው ወረቀታችሁ የሽያጭ መዝገብ ነው፤ "ሀ" ከሆናችሁ ደግሞ የወጪ ደረሰኝ ካልያዛችሁ ያላተረፋችሁትን እንዳተረፋችሁ ሆኖ ይሰላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ፊደሎቹ ሁለት ቦታ ይመጣሉ። ደረጃ "ሀ" ሌላ፣ ሠንጠረዥ "ሀ" ሌላ። ሠንጠረዥ የሚባለው የገቢው ዓይነት ነው። "ሀ" የደሞዝ፣ "ለ" የኪራይ፣ "ሐ" የንግድ፣ "መ" ሌሎች ገቢዎች። ቀን ቀን ተቀጥራችሁ እየሠራችሁ ማታ የራሳችሁን ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደሞዛችሁ በሠንጠረዥ "ሀ" አልቋል፣ ንግዱ ለብቻው በ"ሐ" ይሄዳል። አይደባለቁም። "ደሞዜ ላይ ተቆርጦብኛል እኮ" ብሎ ንግዱን ሳያሳውቅ የቀረ ጓደኛ አለኝ፣ ቅጣቱን ሲሰማ ነው የነቃው።

ቤት የምታከራዩ ውላችሁን አውጡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ወረዳ መመዝገብ ስላለበት ዋጋው መዝገብ ላይ አለ። የምታሳውቁት ቁጥር ውሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ገና ከጅምሩ ጭቅጭቅ ነው።

ሚያዝያ ላይ፦ ፋይላችሁ የት ነው ያለው?

ይሄ የመሀል አዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ነው። ከፒያሳም ከካዛንቺስም በልማት የተነሣ ስንት ነጋዴ አለ። እኔም አንዱ ነኝ፣ አሁን ያለሁት አራት ኪሎ ነው። ዕቃችንን ጭነን ሄድን፣ የግብር ፋይላችን ግን አብሮን አልተጫነም። የታክስ አስተዳደር አዋጁ አድራሻ ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድናሳውቅ ያዛል። ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ ከሄዳችሁ ደግሞ ፋይሉ ራሱ መዘዋወር አለበት።

ዝውውሩ በአንድ ቀን አያልቅም። የድሮው ጽሕፈት ቤት ዕዳ አለባችሁ የለባችሁም ብሎ ያጣራል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አዲሱ ይቀበላል። መሀል ላይ አንድ ሰው ፈቃድ ይወጣል፣ አንድ ቀን "ሲስተም የለም" ትባላላችሁ። ይሄን ሐምሌ ላይ ልጀምር ብትሉ አትችሉም። እኔ ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ጋሼ ነው የተማርኩት። "ልጄ፣ እኔ ሐምሌ ላይ ሄጄ ሁለቱም ቢሮ 'የእኛ አይደለህም' አሉኝ" ብለው ሲነግሩኝ በማግስቱ ሄድኩ።

እግረ መንገዳችሁን ቲን ነምበራችሁ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ) ላይ ያለው ስም ከፋይዳ መታወቂያችሁና ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን እዩ። የአያት ስም አንዱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ስንቱ ሰው ይንከራተታል።

ደረሰኝ፦ ፌስታሉን ጣሉት

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ከሚገኝ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ ክላሰርና አንድ አጀንዳ ገዛሁ። ሌላ የገዛሁት የለም። ደረሰኝ እጄ እንደገባ፣ ገና ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ማታ በኤ4 ወረቀት ላይ አራት አራት አድርጌ እለጥፋለሁ፤ ስኮች ቴፑ ግን ጽሑፉ ላይ እንዳያርፍ፣ እሱም ቀለሙን ይበላዋል። ቅዳሜ ኮፒ ቤት ሄጄ የሳምንቱን ኮፒ አስደርጋለሁ። ኮፒው አይጠፋም። ዋናው ከኋላው ይታሰራል። ሳምንታዊ ወጪዬ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

ስትገዙ "በቲን ቁረጥልኝ" በሉ። ስማችሁና ቲን ነምበራችሁ ያልገባበት ደረሰኝ ለራሳችሁ ትዝታ ካልሆነ ለግብር አይጠቅማችሁም። ሻጩ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ያኩርፍ። በእጅ የሚጻፍ ከሆነ የሻጩን ስም፣ ቲን፣ ቀኑንና ድምሩን እዚያው አንብቡት። አንዴ "ሦስት ሺህ" በፊደል፣ 30,000 በአኃዝ የተጻፈ ደረሰኝ ይዤ ወጥቼ ስንት ቀን ተመላለስኩ መሰላችሁ።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ማሽኑ የሚያትመው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነው፣ ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7። ስለዚህ 07/07 የሚል ደረሰኝ ያለፈው ዓመት ነው፣ 08/07 የሚለው የአዲሱ። በአንድ ቀን ልዩነት ዓመት ይሳታል። እኔ ክላሰሬ ሽፋን ላይ በትልቁ "8/7 – 7/7" ብዬ ጽፌዋለሁ።

የቤት ወጪ አትቀላቅሉ። የልጅ ጫማ፣ የቤት አስቤዛ፣ የቅዳሜ ሥጋ የንግድ ወጪ አይሆንም። ኮምፒውተርና ማሽን ደግሞ ወጪ ቢሆንም በገዛችሁበት ዓመት ሙሉውን አትቀንሱትም፣ በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ የእነዚህን ደረሰኝ ለብቻው አስቀምጡ፣ ከርሞም ትፈልጉታላችሁ።

ደረሰኝ እንሽጥላችሁ የሚሉም አሉ። ዕቃ ሳይኖር ወረቀት ብቻ። ግብሩን በቅጣት ትከፍሉት ይሆናል፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ ግን በወንጀል ያስከስሳል። አንድም ቀን አትሞክሩት።

ዊዝሆልዲንግ፦ እንደ ብር የሚቆጠር ወረቀት

እንደኔ ለመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ከክፍያችሁ ላይ ዊዝሆልዲንግ ይቆረጣል። ብዙ ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። በስማችሁ አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከሚመጣባችሁ ግብር ላይ ይቀነስላችኋል፤ የሚቀነሰው ግን ደረሰኙን ካቀረባችሁ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ባነርና ብሮሸር ሠርቼለት ቼኩን ሰጠኝ፣ ዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን "በኋላ ትወስዳለህ" አለኝ። በኋላ ማለት ለእኔ ሰኔ ሆነ። ስሄድ የፋይናንሷ ልጅ "ወንድሜ፣ ዓመቱን ዘግተናል፣ የቆረጠችው ሠራተኛም ተዛውራለች" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ጥበቃው ሳይቀር ስሜን አወቀ። ያንን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈልኩት ማለት ነው። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፣ ደረሰኝ ሳልቀበል ቼክ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አጀንዳዬ ላይ አምስት መስመር አስምሬያለሁ፤ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የክፍያው መጠን፣ የተቆረጠው፣ ደረሰኝ መጣ ወይስ አልመጣም። አምስተኛው ባዶ ከሆነ በቀይ እስክርቢቶ አከብበዋለሁ። ግንቦት 1 ቀን ቀዮቹን ብቻ እያየሁ ስልክ እመታለሁ። "ሥራ አለህ ወይ?" ለማለት የደወልኩ ይመስል ሰላምታ አበዛለሁ፣ ከዚያ ወደ ደረሰኙ። ግንቦት ላይ ሰው ይስቃል፣ ፈልጎም ይሰጣል። ደረሰኙ እጃችሁ ሲገባ ቲን ነምበራችሁን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ አሥር አኃዝ ነው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ብሩ የገባው ለሌላ ሰው ነው።

ባንክ፣ ቴሌብርና እቁብ

ለሥራ የተለየ ሒሳብ ክፈቱ። የሥራ ብር በእሱ ይግባ፣ በእሱ ይውጣ። ግንቦት መጨረሻ ላይ እስከዚያ ያለውን ስቴትመንት አስወጡ፣ የቀረውን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትጨምሩበታላችሁ። የቴሌብርን ዝውውርም አትርሱ፣ በአሁን ጊዜ ግማሹ ሽያጭ በስልክ ነው የሚመጣው።

ስቴትመንቱን ይዛችሁ አንድ ከሰዓት ቁጭ በሉ። የገባ ብር ሁሉ ጎን በእርሳስ ምን እንደሆነ ጻፉ። ሽያጭ። ሽያጭ። ወንድሜ ከውጭ የላከው። የተበደርኩት። እቁብ። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ እቁብ ሲደርሳችሁ በአንድ ጊዜ ከባድ ብር ሒሳባችሁ ውስጥ ይገባል፣ ኦዲተር ሲያየው ሽያጭ ነው የሚመስለው። "እቁብ ነው" ብትሉ "ማስረጃ?" ይላችኋል። የእቁቡን ደብተር ገጽ ሰብሳቢውን ለምናችሁ ፎቶ አንሱ፣ በየሳምንቱ የጣላችሁትም በባንክ ይለፍ። እኔ እቁቤን አሁን በግል ሒሳቤ ነው የምጥለው፣ ከሥራው ጋር ጭራሽ አላገናኘውም።

አካውንታንት ከያዛችሁ

ጥሩ አካውንታንት ሀብት ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ጥላችሁበት አትሂዱ። ግብር በኦንላይን የምታሳውቁ ከሆነ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል የማን ነው? ሂዱና እዩ። ለቅልጥፍና ብሎ የራሱን ስልክ የሚያስመዘግብ ብዙ ነው። ከዚያ ትጣላላችሁ ወይም ሰውዬው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ግን እሱ ስልክ ላይ ይገባል። የይለፍ ቃሉ እናንተም ጋ ይኑር። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርማችሁና ማህተም መትታችሁ የምትሰጡትን ነገር ተዉት፣ ምንም ያህል ብታምኑት። ክፍያውንም አሁን ተስማሙ፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ዋጋውም እንደ በዓል ዶሮ ነው።

ሰኔ 30

ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ሰኔ 30 ማታ ቆጠራ አለ። ሱቁን ዝጉ፣ ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዋጋው የገዛችሁበት ይሁን። እኔ ጋ የቀረ ስቲከርና ወረቀት ነው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ጋሼ ግን ክርና ቁልፍ ሳይቀር ይቆጥራሉ፣ "ዘንድሮ አንድ ጥቁር ቁልፍ ጎድሎብኛል" ብለው ሲያላግጡ ነው ሐምሌ መግባቱን የማውቀው።

ዓመቱን ሙሉ ያልሠራችሁም ብትሆኑ ዝም አይባልም። ፈቃዱ በስማችሁ እስካለ ድረስ አለመሥራታችሁንም ማሳወቅ አለባችሁ፣ ካልሆነ ፈቃዱን በደንቡ መልሱ። ዝም ያለ ፈቃድ ዝም ብሎ ቅጣት ያበላል።

ሐምሌ ላይ

ሁሉም ሐምሌ 1 ይጀምራል። የ"ሀ" ጊዜ እስከ ጥቅምት 30 ይዘልቃል፣ እሱንም ተማምናችሁ እስከ ጥቅምት አትቀመጡ። የ"ለ" ጊዜ አጭር ስለሆነ የመጨረሻ ቀናችሁን አሁኑኑ ከቅርንጫፋችሁ ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

በአካል መሄድ ካለባችሁ ከሐምሌ 10 በፊት፣ ጠዋት 2:30 ገደማ፣ ሰኞንና ዓርብን ትታችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ሁሉ በፕላስቲክ ፎልደር አድርጉት። እኔ ደረሰኝ በፀሐይ እንደጠፋብኝ ነገርኳችሁ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከአምባሳደር ተነሥቶ በእግሩ ሲመጣ በሐምሌ ዝናብ ክላሰሩ ሙሉ በሙሉ ረጥቦ በሩ ላይ ሲጨምቀው አይቻለሁ። የሁሉንም ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፤ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለው ኮፒ ቤት ሰልፉ ከውስጡ አይሻልም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀኑ አለቀ።

ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈውን ሽያጭ ከአጀንዳችሁ ጋር አስተያዩት፣ ዊዝሆልዲንጉ መቀነሱንም እዩ። ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ። ክፍያው ሲያልፍ የሚመጣውን መልእክት ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኙንም አሳትሙ። ከዚያው ሳትርቁ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ጠይቁ። ንግድ ፈቃድ ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ክሊራንስ ከሌለ ደግሞ አይታደስም፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ወደ ንግድ ቢሮ ይዛወራል እንጂ አያልቅም።

ክላሰሩን ጀርባው ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ለዓመታት አይነካም። የእኔዎቹ አልጋ ስር ናቸው፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ።